ባዶ የምትቀረው የምርመራ ዓምድ

በዕለታዊ ዕቅዳችን ዳር ላይ «ምርመራ» የምትባል ጠባብ ዓምድ አለች። አብዛኛውን ጊዜ ባዶዋን ትቀራለች፤ ከተሞላችም «ጥሩ ነበር» ተብሎ ይታለፋል። ለእኔ ግን ከዕቅዱ ሁሉ ዋናዋ እሷ ናት፤ በተለይ ለእኛ ለኦ ክፍልና ለመዋዕለ ሕፃናት መምህራን።

እዚህ በቆጂ አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ» ብላ እስከ ሃያ ሳትደናቀፍ ትቆጥራለች፤ ክፍሉም ያጨበጭብላታል። «እስቲ ሰባት ባቄላ አምጪልኝ» ስትባል ግን እፍኟን ሞልታ ትመጣለች። ቁጠሪው ሲሏት ጣቷ አንዱን ባቄላ ሁለቴ ይነካል፣ ሌላውን ይዘላል። አፏ ግን ተራውን አይስትም። «ከ1 እስከ 20 ይቆጥራሉ» ለሚለው ዓላማ ምልክት ተደርጎለታል፤ ልጅቷ ግን ስሙን እንጂ ብዛቱን ገና አልያዘችም። ይህን ያየች መምህር ምርመራው ላይ «ጣቷና አፏ አብረው አይሄዱም፤ ነገ ቅልልቦሽ» ብላ ከጻፈች የነገው ዕቅድ ግማሹ አለቀላት።

ቅልልቦሽ አምስት ጠጠር ብቻ ነው የሚፈልገው። አንዱ አየር ላይ ነው፣ ሁለቱ ታፍሰው እጇ ገብተዋል፤ መሬት ላይ ስንት ቀረ? ልጆቹ ብቻቸውን ሲጫወቱት ይህን የሚጠይቃቸው የለም። መምህሯ አጠገባቸው ቁጢጥ ብላ በሰዓቱ ስትጠይቅ ያው ጨዋታ ሂሳብ ይሆናል። አስቦ ማስተማር የምለው ይህንን ነው። ሕፃናትን ተሰልፈው እንዲጮኹ ማድረግ አይደለም፤ «ይጫወቱ» ብሎ ሜዳ ላይ ለቆ መሄድም አይደለም።

በቃል ይዞ ሳያውቁ የመቅረትን ችግር የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። ሀ ሁን የጨረሰ ልጅ አቡጊዳን ይቆጥራል። የፊደሉ ተራ ስለሚለወጥ በዜማ ብቻ ይዞት የመጣ ልጅ እዚያ ላይ ይያዛል። ይህን የማጣሪያ ዘዴ ያወጣው ሰው ተማሪውን ከልቡ ያስተዋለ መሆን አለበት።

የእኛ ከተማም የራሷ ምስክር አላት። አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ እዚህ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ያጠለቀችው ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በእጁ አልፈዋል። ስለ ከፍታው አየር ብዙ ይወራል፤ ያው አየር ግን በዙሪያችን ላሉት ቀበሌዎች ሁሉ ይነፍሳል። ልጆቹ ሲሮጡ ቆሞ የሚያይ መምህር መኖሩ ነው እኔን የሚገርመኝ።

ዶናልድ ሾን እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው መጽሐፍ ባለሙያ በሁለት ጊዜ እንደሚያስብ ጽፏል፦ ሥራው ላይ እያለና ሥራው ካለቀ በኋላ። ባቄላውን ሲያዩ ጥያቄን መለወጥ የመጀመሪያው ነው፤ ምርመራዋ ደግሞ ሁለተኛው። በዓመት 60 ሰዓት የሚጠበቅብን ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያም (ተሙማ) ዓላማው ይኸው ነበር፤ ማህደረ ተግባሩን በወረቀት መሙላት በለጠና ተዋጠ እንጂ።

«ክፍሉ ሞልቷል፣ ጊዜ የለም» የሚለውን አውቃለሁ፤ እውነት ነው። ስለዚህ ሁሉንም አትጻፉ። በቀን አንድ ልጅ ይበቃል። ያደረገውንና ያለውን በራሱ ቃል ጻፉ፤ ልጁ ያለው በአፋን ኦሮሞ ከሆነ በአፋን ኦሮሞ። «ሰነፍ ነው» አይባልም፤ «እርሳሱን በጡጫው ይይዛል» ይባላል። የመጀመሪያው ለነገ ምንም አይነግራችሁም፣ ሁለተኛው ጭቃና ሸክላ አምጡ ይላችኋል። ለማን እንደምትጽፉም አስቀድማችሁ ወስኑ፤ ዝም የሚሉት ልጆች ሳምንቱን ሙሉ ሳይጻፉ ያልፋሉና።

የዚህን ሳምንት ምርመራችሁን ፎቶ አንሥታችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ ዓርብ አብረን እናየዋለን። የልጆቹን ስም ግን ሸፍኑት።