ሩቅ ላለ ኮምፒዩተር ቋሚ አድራሻ መስጠት

የመሥሪያ ቤትዎ የመዝገብ ኮምፒዩተር ባሕር ዳር ነው እንበል፤ በኡቡንቱ ሊኑክስ ይሠራል። እርስዎ አዲስ አበባ ተቀምጠው ያዝዙታል፤ በመካከላችሁ የዓባይ በረሃ አለ። ይህን የሚያስችለው ፊንላንዳዊው ታቱ ዩሎነን እ.ኤ.አ. በ1995 የሠራው ኤስ.ኤስ.ኤች. የተባለው የምስጢር መስመር ነው። እንግዲህ አንድ ቀን አለቃዎ «ቋሚ የአይ.ፒ. አድራሻ ይሰጠው» ብለው ያዝዛሉ። ሥራው በአንድ ፋይል ውስጥ ጥቂት መስመር መጻፍ ስለ ሆነ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የሚለውጡት ራስዎ የገቡበትን በር ነው።

ቋሚ አድራሻ ምን ይጠቅማል? ዲ.ኤች.ሲ.ፒ. የሚባለው አዳይ ለየኮምፒዩተሩ አድራሻ ለተወሰነ ጊዜ ያከራያል፤ ኪራዩ ሲያልቅ ቁጥሩ ሊለወጥ ይችላል። ለተማሪ ላፕቶፕ ይህ ምንም አይደለም። ግን የቀበሌ ጽሕፈት ቤት በየሳምንቱ ቤት ቢቀያይር ባለጉዳዩ ወዴት ይሄዳል?

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አንድ ዓርብ ማታ ይህንኑ ሲሠራ የመውጫውን በር፥ ማለትም የራውተሩን አድራሻ፥ 192.168.10.1 ማለት ሲገባው አንዲት ዜሮ ጥሎ 192.168.1.1 ብሎ ጻፈ። «ኔትፕላን አፕላይ» ብሎ አዘዘ፤ ስክሪኑም ደርቆ ቀረ። ቅርንጫፉ ተዘግቷል፤ ዘበኛው የክፍሉ ቁልፍ የለውም። ሰኞ አንድ ባልደረባ ኪቦርድና ስክሪን ተሸክሞ ገብቶ ያችን ዜሮ እስኪመልሳት ድረስ ባለጉዳዩ ተሰልፎ ጠበቀ።

እርስዎ ግን እንዲህ ያድርጉ። በመጀመሪያ የኔትወርኩን ኃላፊ ጠይቀው ዲ.ኤች.ሲ.ፒ. ከሚያድላቸው ቁጥሮች ውጭ የሆነ አድራሻ ያስመድቡ። በ«ፒንግ» ጠርቶ መልስ ማጣት ብቻውን አይበቃም፤ የቁጥሩ ባለቤት ጠፍቶ የተቀመጠ ኮምፒዩተር ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ የድሮውን ፋይል ገልብጠው ያስቀምጡ። ከዚያ ዲ.ኤች.ሲ.ፒ.ውን ሳይነኩ አዲሱን አድራሻ፥ ለምሳሌ 192.168.10.20/24ን፥ በተጨማሪ ይጻፉ። አንድ የኔትወርክ ካርድ ሁለት አድራሻ መያዝ ይችላል፤ ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፥ የዘዴው ቁልፍ ግን እርሱ ነው። (በፋይሉ ውስጥ መስመር ገባ የሚደረገው በስፔስ ብቻ ነው፤ ታብ ከነኩ አይቀበልዎትም።) አሁን በአዲሱ አድራሻ ሌላ መስመር ከፍተው ይግቡ። ከገቡ አድራሻው ደኅና ነው።

ዲ.ኤች.ሲ.ፒ.ውን የሚዘጉትና የመውጫውን በር የሚጽፉት በአዲሱ በር ከገቡ በኋላ ነው። ያን ጊዜም «አፕላይ» አይበሉ፤ «ኔትፕላን ትራይ» ይበሉ። ይህ ትእዛዝ ለውጡን ለ120 ሴኮንድ ብቻ ይሞክራል። መስመሩ ደኅና ከሆነ «ኢንተር»ን ተጭነው ያጸድቁታል። ተሳስተው ከሆነ እጅዎ ስለማይደርስ ምንም አይጫኑም፤ ጊዜው ሲያልቅ ኮምፒዩተሩ ራሱ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። እነዚያ ሁለት ደቂቃዎች ይረዝማሉ፤ ይታገሡ።

አንድ ነገር ቀርቷል። በፋይሉ ራስጌ «ክላውድ ኢኒት» የሚል ማስጠንቀቂያ ካዩ፥ ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ሲነሣ የጻፉት ሊሻር ስለሚችል በዚያው የተመለከተውን መመሪያ ይፈጽሙ። ከዚያም የክፍሉን ቁልፍ የያዘው ሰው ቢሮ መኖሩን በስልክ ጠይቀው፥ በሥራ ሰዓት አንድ ጊዜ አጥፍተው ያስነሡትና በአዲሱ አድራሻ እንደገና ይግቡ።