ቤቱን እየጐተተ የሚኖር ቤተሰብ የወር ወጪ መዝገብ

በአሜሪካ አገር የመሬት ቤታቸውን ሸጠው ወይም አከራይተው፥ በመኪና በሚጐተት ቤት ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ የሚኖሩ ብዙ ሰዎች አሉ። ይህ የሚጐተት ቤት የአገራችን ሹፌሮች ተሳቢ ከሚሉት የጭነት ጋሪ ጋር በአሠራሩ ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ በውስጡ አልጋ፥ ማድቤት፥ መጸዳጃና የውሃ ማጠራቀሚያ ያለው መሆኑ ነው። ከነዚህ ሰዎች አንዳንዶቹ የጡረታ አበላቸውን የሚቀበሉ ባልና ሚስት ናቸው። ሌሎቹ ደግሞ ሥራቸውን ባሉበት ቦታ ሆነው የሚሠሩ፥ ወይም በየወቅቱ የሚገኘውን ሥራ እየተከተሉ የሚሄዱ ናቸው። ወደዚህ ኑሮ ለመግባት የሚያስብ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «በወር ስንት ይበቃል?» የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ እጅግ የተራራቀ ነው። አንዱ ቤተሰብ በጥቂት ገንዘብ እኖራለሁ ሲል፥ አጠገቡ የቆመው ሌላው ደግሞ የዚያን ሦስት እጥፍ አወጣለሁ ይላል። የሁለቱም ተሳቢ አንድ ዐይነት፥ የገበያውም ዋጋ አንድ ሆኖ ሳለ እንዲህ ያለ ልዩነት የሚመጣው በከፊል ከአኗኗራቸው ሲሆን፥ በከፊል ግን ከሒሳብ አያያዛቸው ነው። ወጪው በየትኛው ወር እንደሚጻፍ፥ የዕቃው እርጅና እንደሚታሰብ ወይም እንደማይታሰብ፥ በገንዘብ ሳይሆን በጕልበት የተከፈለው በምን እንደሚመዘን ያልወሰነ ሰው መዝገቡ አያስተማምነውም። ጕዳዩ ለነጋዴ አንባቢ እንግዳ የማይሆነውም ስለዚህ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

የዕቃው ንግድ ራሱ ቀላል አይደለም። ዋሊ ባያም የተባለው አሜሪካዊ በ1931 ያቋቋመው የኤርስትሪም ፋብሪካ እንደ ብር የሚያበራውን የአሉሚኒየም ተሳቢ ቤት በዓለም አሳወቀ፤ ፋብሪካው ዛሬም በኦሃዮ ግዛት በጃክሰን ሴንተር ከተማ ይሠራል። የዚህ ኢንዱስትሪ ትልቁ ማእከል ግን በኢንዲያና ግዛት የሚገኘው የኤልክሃርት አካባቢ ነው። በ2021፥ ሕዝቡ በወረርሽኙ ምክንያት ሆቴልና አውሮፕላን ሸሽቶ ስለ ነበረ፥ የአሜሪካ ፋብሪካዎች ከ600,000 የሚበልጡ የመዝናኛ ተሽከርካሪዎችን ለሻጮች አስረክበው ነበር። በ2023 ይኸው ቍጥር ወደ 313,000 ያኽል ወረደ። በሁለት ዓመት ውስጥ ንግዱ በግማሽ ያኽል የወደቀበት አስመጪ ወይም ባለሱቅ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቀዋል፤ በውድ ዘመን ገዝቶ በርካሽ ዘመን የሸጠውም ቤተሰብ የሚደርስበትን ከዚህ በታች እናያለን።

ኢትዮጵያም ከዚህ ታሪክ ድርሻ አላት። ዋሊ ባያም ራሱ እየመራ ከ1959 እስከ 1960 ከኬፕታውን ወደ ካይሮ ያደረገው ታላቅ ጕዞ በአገራችን በኩል ያለፈ ነው። 41 ተሳቢ ቤቶችና ከ100 የሚበልጡ መንገደኞች ነበሩ፤ አዲስ አበባም በደረሱ ጊዜ ከግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፊት ቀርበዋል። ያን የመሰለ ጕዞ በእያንዳንዱ መንገደኛ መዝገብ ላይ የመርከብ ጭነት፥ የጕምሩክ፥ የመለዋወጫና የነዳጅ ወጪ ምን ያኽል እንዲጻፍ እንዳደረገ መገመት ለአስመጪ አንባቢ አያስቸግረውም። የዛሬዎቹ ተሳቢ ነዋሪዎች ግን አብዛኞቹ ባሕር አይሻገሩም፤ መዝገባቸውን የሚሞላው ነዳጅና የማደሪያ ኪራይ ነው።

ለምሳሌ ያኽል አንድ ቤተሰብ በአንድ ወር ውስጥ 1,500 ማይል ተጕዟል እንበል። ተሳቢ የሚጐትት መኪና በ1 ጋሎን ነዳጅ የሚሄደው 10 ማይል ያኽል ነው፤ ስለዚህ 150 ጋሎን ያስፈልገዋል። የጋሎኑ ዋጋ 3 ዶላር ከ50 ሳንቲም ቢሆን 525 ዶላር ይወጣል። በሰኔ 2022 በመላው አሜሪካ የቤንዚን አማካይ ዋጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ5 ዶላር በላይ በሆነ ጊዜ፥ ያው መንገድ 750 ዶላር ይፈጅ ነበር። ይኸው ቤተሰብ በየሁለት በየሦስት ቀኑ ሰፈር ስለሚለውጥ የማደሪያውን ኪራይ የሚከፍለው በሌሊት ነው፤ በሌሊት 45 ዶላር ቢሆን በ30 ሌሊት 1,350 ዶላር ይሆናል። ነዳጁና ማደሪያው ተደምረው 1,875 ዶላር ይደርሳሉ።

በሚቀጥለው ወር ግን ያው ቤተሰብ አንድ ቦታ ይቀመጣል እንበል። ብዙ የተሳቢ ሰፈሮች ለወር ተከራይ ከሌሊቱ ተመን በብዙ የሚያንስ ዋጋ ያደርጋሉ፤ የኤሌክትሪኩን ግን በቈጣሪ ለብቻው ያስከፍላሉ። ኪራዩ 700፥ መብራቱ 80፥ ለገበያ የተነዳው 200 ማይል ደግሞ 70 ዶላር ቢሆን፥ ጠቅላላው 850 ዶላር ብቻ ነው። ልዩነቱ 1,025 ዶላር መሆኑ ነው። ሥጋና ዳቦ በመቈጠብ እንዲህ ያለ ገንዘብ ማትረፍ አይቻልም። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ነዋሪዎች ወጪ ሲበዛባቸው ጕዞውን ይቀንሳሉ እንጂ ማዕዳቸውን አያሳንሱም።

ከኪራይ ነጻ የሆነም መሬት አለ። በምዕራብ አሜሪካ የፌዴራሉ መንግሥት የመሬት አስተዳደር መሥሪያ ቤት በሚጠብቀው ሰፊ ምድር ላይ፥ ባልተከለከለ ስፍራ፥ ብዙውን ጊዜ በ28 ቀን ውስጥ እስከ 14 ቀን ያለ ክፍያ ማደር ይፈቀዳል። እዚያ ግን የውሃ ቧንቧ፥ የመብራት መስመርና የቈሻሻ ውሃ መድፊያ አይገኝም። ውሃ ለመቅዳትና ቈሻሻ ለመድፋት የሚነዳው ነዳጅ፥ ለፀሐይ ኀይል ማመንጫና ለባትሪ የወጣው ገንዘብ፥ ለማሞቂያ የሚቃጠለው ጋዝ ሁሉ በመዝገቡ ሌላ ገጽ ላይ ስለሚጻፍ፥ «ኪራይ ዜሮ» የሚለው መስመር ብቻውን ሲታይ ያታልላል። ዕድሜው 62 ዓመት የሞላ አሜሪካዊ ደግሞ ከ2017 ወዲህ 80 ዶላር አንድ ጊዜ ከፍሎ ዕድሜውን ሙሉ የሚያገለግል የብሔራዊ ፓርኮች መግቢያ ካርድ ያገኛል፤ በብዙ የፌዴራል ማደሪያ ሰፈሮችም የኪራዩ እኩሌታ ይቀነስለታል። ይህን 80 ዶላር በገዛበት ወር ላይ ጽፎ የሚረሳው ብዙ ነው።

ይህም ወደ ዋናው ችግር ያደርሰናል። የተሳቢ ነዋሪ ወጪ በየወሩ እኩል እየተከፋፈለ አይመጣም። የመኪናው ኢንሹራንስ ብዙውን ጊዜ በስድስት ወር አንድ ጊዜ፥ የሰሌዳው ግብር በዓመት አንድ ጊዜ፥ የማደሪያ ማኅበር መዋጮ እንዲሁ በዓመት ይከፈላል። እጁ የከፈለበትን ወር ብቻ የሚመዘግብ ቤተሰብ ጥር ላይ ደኸየሁ ብሎ ይደነግጣል፤ መጋቢት ላይ ደግሞ ባለጸጋ የሆነ ይመስለዋል። በሁለቱም ጊዜ ተሳስቷል። የዓመቱን መዋጮ በ12፥ የመድኑን በ6 አካፍሎ በየወሩ ገጽ ላይ የሚያስቀምጥ ግን የወሩን እውነተኛ ኑሮ ያያል። የተከፈለበትን ወርና የተበላበትን ወር መለየት ማንኛውም የሱቅ ሒሳብ ያዥ የሚያደርገው ነገር ነው። ይሁን እንጂ ባለሱቁ ራሱ በሱቁ መዝገብ የሚጠነቀቀውን ያኽል በቤቱ ወጪ ላይ ሲጠነቀቅ አይታይም።

ወሮቹን እርስ በርሳቸው ለማወዳደርም ቀኖቹን መቍጠር ያሻል። የካቲትን ከመጋቢት ጋር ሳያመዛዝኑ ቢያስተያዩት ሦስት ሌሊት ኪራይ በከንቱ የተቈጠበ ይመስላል። ስለዚህ አንዳንድ ጥንቁቆች ሁሉን ወደ ቀን ወጪ ለውጠው ይይዙታል።

ከሁሉ ይልቅ የሚዘለለው መስመር የዕቃው እርጅና ነው። ተሳቢ ቤት እንደ መሬትና እንደ ድንጋይ ቤት ዋጋው አይጨምርም፤ ከሻጩ ግቢ በወጣ ማግሥት መውረድ ይጀምራል። በ40,000 ዶላር ተገዝቶ ከአምስት ዓመት በኋላ በ20,000 የተሸጠ ተሳቢ፥ በየወሩ 333 ዶላር ያኽል በልቷል ማለት ነው፤ ከኪሱ ምንም ሳይወጣ። በ2021 በውድ ዋጋ የገዙ ሰዎች ገበያው ከቀዘቀዘ በኋላ ለመሸጥ ሲወጡ ይህ መስመር በአንድ ቀን ተጠቃልሎ መጣባቸው። በባንክ ብድር ለገዛውማ ከተሳቢው ዋጋ የሚበልጥ ዕዳ ሊቀርበት ይችላል። የጥንቱ ሲራራ ነጋዴ የኬላውን ቀረጥና የጫኙን ደመወዝ ቈጥሮ የበቅሎውን ዋጋ ቢዘነጋ፥ በቅሎው በመንገድ በሞተበት ጊዜ ያተረፈው ሁሉ የበቅሎ መግዣ ይሆንበት ነበር።

ጥገናውም ከዚህ ይያያዛል። የተሳቢ ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ በዕድሜ ብቻ ይሞታል፤ ብዙዎች ከአምስት ወይም ከስድስት ዓመት በኋላ ደህና እየመሰለ ይለውጡታል። የጣራው መጋጠሚያ በየጊዜው ካልታየና ካልተደፈነ ዝናብ ይገባል፤ እንጨቱ በስብሶ በታየ ጊዜ ጥገናው ከተሳቢው ዋጋ ጋር ይወዳደራል። ስለዚህ በየወሩ ብልሽት ቢኖርም ባይኖርም ለጥገና የተወሰነ ገንዘብ ለይቶ ማስቀመጥ ግዴታ ነው ለማለት ይቻላል። አለዚያ ከመንገድ ዳር ለቆመ መኪና ዋጋ የሚቈርጠው ጋራዡ ብቻ ይሆናል።

ለሁሉም ይህ ኑሮ በፈቃድ የተመረጠ አይደለም። ከ2008 የገንዘብ ቀውስ በኋላ ቤታቸውንና ቍጠባቸውን ያጡ አረጋውያን፥ የጡረታ አበላቸው ለቤት ኪራይ ስላልበቃ፥ በመኪናና በተሳቢ መኖር ጀመሩ። ጄሲካ ብሩደር በ2017 ባሳተመችው «ኖማድላንድ» በተባለ መጽሐፍ የጻፈችው የነዚህን ሰዎች ነገር ነው። አንዳንዶቹ በመኸር ወራት በሰሜን ዳኮታና በሚኒሶታ የስኳር ድንች ሳይሆን ስኳር የሚወጣበትን የቀይ ሥር ዐይነት ምርት በማንሣት፥ ሌሎቹ በበጋ የማደሪያ ሰፈሮችን በመጠበቅ ይሠራሉ። ለነዚህ ሰዎች የመቶ ዶላር የሒሳብ ስሕተት መድኀኒት መግዛትና አለመግዛት ነው።

የሰፈር ጠባቂነቱ ሥራ አንድ የሒሳብ ጥያቄ ያስነሣል። ብዙ ሰፈር ለጠባቂው በደመወዝ ፈንታ ነጻ ማቆሚያ ይሰጠዋል። ጠባቂውም በመዝገቡ «ኪራይ የለም» ብሎ ይጽፋል። ነገር ግን በሳምንት 20 ሰዓት መጸዳጃ እያጠበ የከፈለው ኪራይ ነው። ትክክለኛው አጻጻፍ የማቆሚያውን የገበያ ዋጋ በገቢም በወጪም ማስገባት ነው። ያን ጊዜ የአንድ ሰዓት ጕልበቱ በስንት እንደ ተሸጠ ያያል፤ በከተማው ሱቅ ተቀጥሮ ኪራዩን በጥሬ ገንዘብ መክፈል ይሻለው እንደ ሆነም ይመዝናል።

አድራሻ የሌለው ሰው ኢንሹራንስም ሰሌዳም አያገኝም። ስለዚህ ብዙዎቹ በገቢ ላይ የግዛት ግብር የማያስከፍሉትን ቴክሳስን፥ ፍሎሪዳንና ሳውዝ ዳኮታን ይመርጣሉ። በ1978 የተቋቋመው የኤስኬፒስ ማኅበር በቴክሳስ በሊቪንግስተን ከተማ የአባሎቹን ደብዳቤ እየተቀበለ ያሉበት ድረስ ይልክላቸዋል። የመኪናው መድን ዋጋ በአድራሻው ይለወጣል፤ ዕድሜው ለመንግሥት የአረጋውያን ሕክምና ዋስትና ማለትም ለ65 ዓመት ያልደረሰ ሰው ደግሞ የሚገዛው የጤና መድን ከሚኖርበት ወረዳ ጋር የተያያዘ በመሆኑ፥ በሌላ ግዛት ሲታመም ሙሉ ሒሳቡን ሊከፍል ይችላል። የግብሩን ጥቅም ብቻ አይቶ አድራሻውን የመረጠ ሰው ይህን መስመር ዘግይቶ ያገኘዋል።

ባለሱቅ ከነዚህ ደንበኞች የሚያየው ጠባይ ልዩ ነው። ተሳቢው የሚሸከመው ክብደት በፋብሪካው ተወስኖ በግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ 40 ጋሎን ውሃ ብቻውን 150 ኪሎ ያኽል ይመዝናል። መደርደሪያውም ጠባብ ነው። ስለዚህ በጅምላ ገዝቶ ማስቀመጥ አይችልም፤ ትንሹን ጣሳና ትንሹን ከረጢት በውድ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይገዛል። ቤተሰቡ ይህን በምግብ መስመር ላይ እንደ ኪሳራ ሲያየው፥ በመንገድ ዳር ያለው ባለሱቅ ግን ይተዳደርበታል።

በአሪዞና ምድረ በዳ ያለችው የኳርትዛይት ከተማ ለዚህ ጥሩ ምስክር ናት። ነዋሪዋ ጥቂት ሺሕ ብቻ ነው፤ በክረምቱ ግን ብርድ የሸሹ ተሳቢዎች በዙሪያዋ ይሰፍራሉ። በአጠገቧ ባለው የመንግሥት መሬት ላይ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ድረስ ለመቀመጥ ለብዙ ዓመታት የሚጠየቀው ክፍያ 180 ዶላር ብቻ ነበር። በዚያችው ከተማ መቃብር ውስጥ በ19ኛው መቶ ዓመት የአሜሪካ ጦር ለጭነት ካስመጣቸው ግመሎች ጋር የመጣው፥ በ1902 የሞተው ግመል ነጂ ሐጂ ዓሊ ተቀብሯል፤ በሐውልቱም ጫፍ ላይ የግመል ምስል ቆሟል። በጥርና በየካቲት የከበሩ ድንጋዮችና የተሳቢ ዕቃዎች ገበያ ይደራል፤ ጋዝ ሻጩ፥ ጎማ ለዋጩ፥ ልብስ አጣቢውና የጣራ ማስቲሽ ሻጩ የዓመቱን ገቢያቸውን የሚሰበስቡት በነዚህ ወራት ነው። ሙቀቱ በመጣ ጊዜ ተሳቢዎቹ ወደ ሰሜን ይወጣሉ፤ ብዙዎቹ ድንኳኖችም እስከሚመጣው ኅዳር ይታጠፋሉ።