ሥዕል ሊማር ገብቶ ወደ ድምፅ ስላዘነበለው ተማሪ

አባት ልጁን ወደ አንድ ትምህርት ቤት ባስገባ ጊዜ፥ ልጁ ያንኑ ሙያ ይዞ እንዲወጣ ይመኛል። ነገር ግን ልጁ ከገባበት ሙያ ዘወር ብሎ ሌላውን ሲወድ የተገኘ እንደ ኾነ በቤት ውስጥ ቍጣና ሐዘን ይነሣል፤ የወጣው ገንዘብና ያለፈው ዘመን ይቈጠራል። እንዲህ ያለው ፍርድ ችኰላ ያለበት መኾኑን የሚያስረዳ የአንድ እንግሊዛዊ ታሪክ አለና፥ ለወላጆች ይጠቅም ዘንድ ከዚህ ቀጥለን እንጽፋለን። ዓመቶቹ ኹሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሚስተር ብራያን ኢኖ በ1948 በእንግሊዝ አገር በሰፎክ አውራጃ ተወለደ። አባቱ ፖስታ በማደል የሚኖሩ፥ ሰዓትም የሚያድሱ ሰው ነበሩ። በአካባቢው የአሜሪካ የአየር ኃይል ሰፈር ስለ ነበረ፥ ከባሕር ማዶ የመጣው ዘፈን ገና በልጅነቱ ጆሮውን ማረከው። ይኹን እንጂ በ1964 የገባው በኢፕስዊች ከተማ ካለው የሥዕል ትምህርት ቤት ነው።

የትምህርት ቤቱ ሹም ሮይ አስኮት፥ ተማሪው የሥዕሉን መልክ ከማሳመር አልፎ የአሠራሩን መንገድ እንዲመረምር ያስተምሩ ነበር። ቶም ፊሊፕስ የሚባሉት አስተማሪ ደግሞ ሠዓሊ ሲኾኑ ሙዚቃም ያውቁ ነበርና፥ የልጁን ዝንባሌ ባዩ ጊዜ አልገሠጹትም። እንዲያውም ያረጁ ፒያኖዎች ተሰብስበው በአዳራሽ ውስጥ ተደረደሩ፤ መምህርና ተማሪም አውታሮቹን በቴኒስ ኳስ እየመቱ ይጫወቱ ነበር። ይህን ያየ ሰው ቧልት ነው ይል ይኾናል፤ ልጁ ግን ድምፅን ማድመጥ የተማረው በዚህ ዓይነት ነው።

ተማሪው በትምህርት ቤት ሳለ ድምፅ መቅረጫ መኪና አገኘ። በመጀመሪያ የሠራውም፥ የመብራትን የብረት ክዳን በብዕር መትቶ፥ ድምፁን በልዩ ልዩ ፍጥነት ቀድቶ፥ አንዱን በሌላው ላይ መደረብ ነበር፤ ያም ተራ ብረት እንደ ደወል ተሰማ። ልብ በሉ፤ ሠዓሊም ቀለምን በቀለም ላይ እየደረበ፥ ያልወደደውን እየፋቀ ይሠራል። ልጁ ሥዕልን የተወ ቢመስልም የሠዓሊን እጅ ይዞ ወደ ድምፅ ተሻገረ። ኋላ ስሙ በሙዚቃ ከታወቀ በኋላ እንኳ ራሱን «ሙዚቀኛ አይደለኹም» ይል ነበር።

በ1969 ከዊንቸስተር የሥዕል ትምህርት ቤት ትምህርቱን ፈጽሞ ወጣ። በ1971 ሮክሲ ሙዚክ ከተባለው የሙዚቃ ጓድ ገባ፤ በ1973 ተለየ። በ1975 መጀመሪያ ታክሲ ገጭቶት በአልጋ ላይ ሳለ፥ አንዲት ወዳጁ የበገና ሸክላ አመጣችለት። ሸክላው መዞር ከጀመረ በኋላ ድምፁ እጅግ ዝቅ ያለ መኾኑን አወቀ፤ ተነሥቶ ከፍ ለማድረግ ግን አቅም አልነበረውም። የበገናው ድምፅ ከውጭው ዝናም ጋራ ተቀላቅሎ ሲሰማው፥ ሙዚቃ እንደ ብርሃን ቤቱን ሞልቶ ጆሮን ሳያስጨንቅ ሊኖር እንደሚችል ተረዳ። ከዚህም አሳብ የተነሣ በ1978 በአይሮፕላን ማረፊያ ለሚጠብቁ መንገደኞች ልብ የሚያሳርፍ ሙዚቃ አወጣ።

ዓይኑም ቢኾን ሥራ ፈት ኾኖ አልቀረም። በ2006 «77 ሚሊዮን ሥዕሎች» ያለውን ሥራ አቀረበ፤ በዚህም ሥዕሎቹ በኮምፒዩተር እየተዋሐዱ ቀስ በቀስ ሲለዋወጡ ሙዚቃው አብሮ ይሰማል።

እንግዲህ ወላጅ «ልጄ ምን ተወ?» ብሎ ከመቈጣቱ በፊት «ምን ይዞ ሄደ?» ብሎ ይጠይቅ። ሰነፍ የኾነው ልጅ የተሰጠውን ጥሎ ባዶ እጁን ይቀመጣል፤ ዝንባሌ ያለው ግን ማንም ሳያዘው በመረጠው ሥራ ሲደክም ያመሻል። ኹለቱን ለይቶ ማወቅ የአባትና የእናት፥ የአስተማሪም ፈንታ ነው።