የልብ ጠባሳን ከኢሲጂ ወረቀት ላይ ማንበብ ይቻላል?

ደረታቸው ላይና እጅ እግራቸው ላይ ገመድ ተለጥፎላቸው የኢሲጂ ምርመራ ያደረጉ ብዙዎች ናቸው። ከማሽኑ የሚወጣው ወረቀት አናት ላይ አንዳንድ ጊዜ ማሽኑ ራሱ የጻፈው ማስታወሻ ይኖራል፦ «የቆየ ሃርት አታክ ሊኖር ይችላል» የሚል። ይህቺ አንዲት መስመር ቤተሰብን እንቅልፍ ትነሳለች። የልብ የኤሌክትሪክ መስመር ችግር ባለበት ሰው ላይ ግን ማስታወሻው ስህተት ሊሆን ይችላል፤ በተቃራኒው እውነተኛው ጠባሳ ተሸፍኖ ሊያልፍም ይችላል። ለምን እንደሆነ እስቲ እንመልከት።

የልብ ጡንቻን የሚመግብ የደም ሥር ሲዘጋ ደም ያጣው ክፍል ይሞትና ቦታው በጠባሳ ይተካል። ሌሎች የልብ ጡንቻ በሽታዎችም ጠባሳ ይተዋሉ። ጠባሳ አይኮማተርም፤ ኤሌክትሪክም እንደ ጤነኛ ጡንቻ አያስተላልፍም። አደገኛው ነገር የኤሌክትሪክ ሞገዱ በጠባሳው ዳርቻ እየዞረ መልሶ ራሱን ሲቀሰቅስ ነው። ይህ የልብ ምትን ከሥርዓት ያወጣል፤ ድንገተኛ ሞትም ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ ጠባሳ መኖሩን ብቻ ሳይሆን ስፋቱንም ማወቅ ይፈልጋል።

ለዚህ የተሻለው ምርመራ የልብ ኤምአርአይ ነው። ጋዶሊኒየም የተባለ ንጥረ ነገር በደም ሥር ይሰጥና ከደቂቃዎች በኋላ ጠባሳው ውስጥ ቀርቶ በምስሉ ላይ ደምቆ ይታያል። ነገር ግን ውድ ነው፤ ምስሉን የሚያነብ ባለሙያም ይጠይቃል። ኢሲጂ ግን አሥር ገመድ፣ ጥቂት ደቂቃና አንድ ወረቀት ይበቃዋል። ሆላንዳዊው ቪለም አይንትሆቨን በ1924 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በዚሁ ሥራ ነው።

ወረቀቱ ላይ ሾጥሾጥ ብሎ የሚወጣው ትልቁ ሞገድ ኪውአርኤስ ይባላል። የታችኛው የልብ ክፍል ጡንቻ ሲቀሰቀስ የሚፈጠር ነው። በገመድ ጉተታ እናስበው፤ በአንድ ወገን ያሉት ቢያቆሙ ገመዱ ወደ ሌላው ይሄዳል። ጠባሳ ያለበት ቦታ ዝም ስለሚል ሞገዱ ወደ ተቃራኒው ያዘነብላል። አሜሪካዊው ሐኪም ሮናልድ ሰልቬስተርና ባልደረቦቻቸው ይህን ወደ ነጥብ ቀየሩት። እያንዳንዱ ነጥብ ከግራው የታችኛው የልብ ክፍል 3 በመቶ ያህሉን ይወክላል፤ 4 ነጥብ ያለው ሰው 12 በመቶ ገደማ ጠባሳ አለው ተብሎ ይገመታል።

ችግሩ ይህ ስሌት መጀመሪያ የተሠራው መስመራቸው ጤነኛ ለሆነ ልቦች መሆኑ ነው። በልብ ውስጥ ሞገዱ በግራና በቀኝ ቅርንጫፎች በፍጥነት ይሰራጫል። የግራው ሲዘጋ ሞገዱ አስፋልቱን ትቶ በኮረኮንች እንደሚሄድ መኪና በጡንቻው ውስጥ ቀስ እያለ ያልፋል። ያኔ ጠባሳ በሌለበት ልብ ላይ ጠባሳ የሚመስል ሞገድ ይታያል። የቀኙ ሲዘጋ ግን የግራው ክፍል በሰዓቱ ስለሚቀሰቀስ የሞገዱ መጀመሪያ እንደ ወትሮው ሊነበብ ይችላል፤ የሚዘገየው መጨረሻው ነው። ለሁለቱ አንድ መለኪያ አይሆንም ማለት ነው።

በ2008 ዴቪድ ስትራውስ፣ ሰልቬስተርና ባልደረቦቻቸው ለእያንዳንዱ የመስመር ችግር የተለየ መለኪያ አውጥተው ከኤምአርአይ ጋር አነጻጽረው አሳተሙ። እኛን በጣም የገረመን አንድ ነጥብ አለ። የግራው ቅርንጫፍ በተዘጋበት ሰው፣ በደረት ፊት ባሉት የመጀመሪያ ገመዶች ላይ ወደ ላይ የሚወጣው ሞገድ ማነሱ የተለመደ ነው፤ ማነሱን ጠባሳ ብሎ መተርጎም ያሳስታል። እዚያው ቦታ ላይ ሞገዱ ከፍ ካለ ግን ሁለቱን የልብ ክፍሎች የሚለየው ግድግዳ ጠባሳ እንዳለበት ሊጠቁም ይችላል። ግድግዳው ዝም ሲል የቀኙ ክፍል ወደ ፊት የሚስበው ኃይል ተቃራኒ ያጣል። በጤነኛው መስመር የለመድነው ምልክት እዚህ ተገለበጠ ማለት ነው።

ይሁንና ነጥቡ ግምት ነው። በወረቀቱ ላይ አንዷ ትንሽ ካሬ በተለመደው ፍጥነት 40 ሚሊሰከንድ ናት፤ መለኪያው ደግሞ ከዚያ ያነሰ ልዩነት ይፈልጋል። በዓይን መቁጠር አድካሚ ነው፤ በኋላ የመጡ ንጽጽሮችም፣ በተለይ የግራው ቅርንጫፍ በተዘጋባቸው ሰዎች ላይ፣ ሁሉም ጥሩ ውጤት አላገኙም። ጠባሳው ሰፊ ከሆነ ሁለቱን የልብ ጎኖች በአንድነት የሚያመታ ፔስሜከር ጥቅሙ ሊቀንስ ይችላል። እንዲህ ያለ ከባድ ውሳኔ ግን በኢሲጂ ነጥብ ብቻ አይወሰንም፤ መወሰንም የለበትም ብለን እናምናለን።

የመስመር መዘጋት እንዳለብዎ ከተነገረዎት፣ ማሽኑ የጻፈው ማስታወሻ ይህን ከግምት አስገብቶ እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ። የደረት ሕመም ወይም ራስን መሳት ካጋጠመ ግን ወረቀት ሲመረምሩ ጊዜ ሳያባክኑ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል። የድሮ ኢሲጂዎን አይጣሉ፤ ሐኪሙ ችግሩ አዲስ ይሁን የቆየ የሚለየው አስተያይቶ ነው። ብዙዎቹ የሚታተሙት በሙቀት በሚሠራ ወረቀት ላይ ስለሆነ ከጊዜ በኋላ ይደበዝዛሉ፤ በስልክዎ ፎቶ አንስተው ያስቀምጡት።