ሕፃናቱን የምታውለው መምህርት ደመወዝ የማን ዕዳ ነው?

ሕፃናት የነገዪቱ አገር ተረካቢዎች መሆናቸውን ዘወትር እንናገራለን። ነገር ግን ይህ አባባል ትርጉም የሚኖረው ሕፃናቱን የምታስተምረዋ ሠራተኛ በወሩ መጨረሻ ደመወዟን ስታገኝ ብቻ መሆኑ ሊሰመርበት ይገባል።

በቀደመው ዘመን የኔታ ይኖሩ የነበረው ወላጆች በሚሰጧቸው ነበር። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ በኋላም የመዋዕለ ሕፃናት ሥራ በተግባር በአመዛኙ ለግል ባለሀብቶች፣ ለማኅበረሰቡና ለእምነት ተቋማት ተተወ። በዚህም የተነሣ መክፈል የቻለ ልጁን አስገባ፤ ያልቻለ በደጅ ቀረ። የ2002 ዓ.ም. ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ ይህን ለማረም በር ከፈተ፤ በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም «ዜሮ ክፍል» ተስፋፋ። በ2015 ዓ.ም. የወጣው ፖሊሲ ደግሞ ቅድመ አንደኛን የሁለት ዓመት እርከን አደረገው።

ይሁን እንጂ እርከን ብቻውን ደመወዝ አይከፍልም። የፌዴራሉ ድጎማ ወደ ክልል፣ ከክልልም ወደ ወረዳ ሲወርድ የወረዳው የትምህርት በጀት በአብዛኛው በመደበኛ መምህራን ደመወዝ ያልቃል። በአንዳንድ የገጠር ቀበሌዎች የሕፃናቱ መምህርት የምትከፈለው ከወላጆች መዋጮ ነው። ዝናም በቀረበት ዓመት መዋጮውም ይቀራል፤ መምህርቷም ሌላ እንጀራ ፍለጋ ትሄዳለች።

«ሕፃን መጠበቅ የእናት ሥራ ነው» የሚሉ አይጠፉም። መንግሥት ግን በ2010 ዓ.ም. ባወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር። ለቢሮ ሠራተኛዋ እናት የታሰበው ለምን ለገበሬዋ እናት አይታሰብም?

ስለዚህ የምንለው ግልጽ ነው፤ ቅድመ አንደኛ በወረዳው በጀት ውስጥ የራሱ መደብ ይኑረው፤ መምህርቷም እንደ ማንኛውም መምህር በወሩ ትከፈል። የመሠረት ዋጋ ከጣሪያ በፊት ይከፈላል።