«ለእኔ ልክ ነው፤ ለእሱስ?»

ወዳጆቼ፣ አንድ ነገር ገብቶኛል፤ ለብቻዬ ይዤው መቀመጥ አልቻልኩም። ሴት ስትወልድ አለባበሷም የገበያ ዓመሏም ለምን እንደሚቀየር ገባኝ! ለውጡን ሁላችንም እናየዋለን። ታኮ ጫማው ይጠፋል፣ ሎቲው ይወልቃል፣ ነጭ ሸሚዙ ሳጥን ውስጥ ይቀራል፣ ቦርሳው ያብጣል። ብዙ ሰው «ወለደችና ራሷን ጣለች» ብሎ ያልፈዋል። ኧረ በጭራሽ! እያንዳንዷ ለውጥ ምክንያት አላት፤ ምክንያቶቹም ሁሉ ከአንድ ነገር ይመዘዛሉ።

የበራልኝ እዚሁ መቀሌ፣ ዓዲ ሓቂ ገበያ ውስጥ ነው። እህቴ የአምስት ወር ልጇን አቅፋ ቀሚስ ትመርጣለች። ሻጩ አንዱን ዘርግቶ ትከሻዋ ላይ ለካላትና «ልክሽ ነው እኮ! ላንቺ የተሰፋ ነው የሚመስለው» አላት። እሷም ወደ ልጁ በአገጯ እየጠቆመች «ለእኔ ልክ ነው፤ ለእሱስ?» አለችው።

ለእሱስ! አያችሁት? የእናት ልብስ የሁለት ሰው ልብስ ነው። አንዷ ትለብሰዋለች፤ ሌላው ይጠባበታል፣ ይተኛበታል፣ ይጎትተዋል፣ ያስታውክበታል። ሁለቱም ካልተስማሙበት አይገዛም። ይቺን ብቻ ያዙ፤ ሌላውን አብረን እንፈታዋለን።

ከእጇ እንጀምር። እህቴ መጀመሪያ የነካችው የቀሚሱን ደረት ነው። ከፊት የሚከፈት ነገር አለው? አራስ ልጅ በቀንና ሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። ዚፑ ከኋላ የሆነ ቀሚስ ለብሳችሁ፣ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጣችሁ፣ ልጁ ሲያለቅስ አስቡት። ወይ ቀሚሱን ሙሉ ለሙሉ ማውለቅ ነው፣ ወይ ልጁን እያስለቀሱ ቤት መድረስ ነው። ስለዚህ የኋላ ዚፕ ምንም ያህል ቢያምር ከምርጫው ይወጣል። የሐበሻ ቀሚስ የሚያሰፉ እናቶችም ዘዴ አላቸው። የቀሚሱ ጥልፍ ከአንገት ወደ ታች በደረት መሃል ይወርዳል አይደል? ልብስ ሰፊው መክፈቻውን ከጥልፉ ሥር ሊደብቀው ይችላል። ከሩቅ የሚታየው ጌጥ ነው፤ ሥሩ ግን በር ነው!

ቀጥላ ጨርቁን በጭብጧ ጨመቀችው። ለምን መሰላችሁ? ጥጥ ውሃ ይወዳል፤ እርጥበት ሲነካው ወደ ውስጡ ይስባል። ፖሊስተር ግን ከነዳጅ ዘይት ተዋጽኦ የሚሠራ ክር ስለሆነ ውሃውን ወደ ውስጡ ማስገባት አይወድም። የልጅ ለሃጭ፣ ወተት፣ ላብ፣ ሁሉም እርጥበት ነው። ጥጥ ይጠጣዋል፤ ፖሊስተር ላይ ግን ልጁ ጉንጩን አስደግፎ በእርጥበቱ ላይ ይተኛል። ጥጡን ጨምቃችሁ ስትለቁት ይጨማደዳል፣ ፖሊስተሩ ቶሎ ይዘረጋል። ካላመናችሁ ከጫፉ አንድ ክር ነቅላችሁ በክብሪት ለኩሱት። ጥጡ የወረቀት ሽታ እየሸተተ አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተሩ ቀልጦ ጠንካራ ጠብታ ይሠራል። እህቴ ክብሪት አላስፈለጋትም፤ በመዳፏ ብቻ አወቀችው።

አሁን ደግሞ እኔን በጣም ያስገረመኝ ይመጣል። ዝንጉርጉር ጨርቅ ለምን ትመርጣለች? ልጅ ሲጠባ የእናት አንጎል ኦክሲቶሲን የሚባል ሆርሞን ይለቃል፤ ሆርሞኑ በደም ሄዶ ወተቱን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ግን ልብ በሉ፦ ለዚህ የግድ ልጁ መጥባት የለበትም! ድምፁን መስማት ይበቃል። የሌላ ሰው ልጅ ከጎረቤት ሲያለቅስም ወተት ሊፈስ ይችላል። ጆሮ ሰማ፣ አንጎል አዘዘ፣ ደረት ረጠበ፤ ይህ ሁሉ እናትየው ምንም ሳትፈልግ ነው። ታዲያ ስስ ነጭ ሸሚዝ ላይ ይህ ወዲያው ይታያል፤ አበባ አበባ ባለው ጥቁር ሰማያዊ ላይ ግን ማንም አያይም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ከዚያ ወደ ቢሮ ስትመለስ ልጁ ገና ጠቢ ነው። የዝንጉርጉር ቀሚስ ምስጢር ይኸው ነው።

ወደ እግር እንውረድ። «ጫማዎቼ ጠበቡኝ» ስትል ሰምታችኋት ይሆናል። እውነቷን ነው! በእርግዝና ጊዜ ሰውነት ለወሊድ ሲዘጋጅ ጅማቶች ይላላሉ፤ ክብደትም ይጨምራል። የእግራችንን ውስጠኛ ቅስት ወጥሮ የያዘው ጅማት ነው። ጅማቱ ሲላላ፣ የጠፍር አልጋ ጠፍሩ ሲላላ መሃሉ እንደሚረግበው፣ ቅስቱም ዝቅ ይላል፤ ዝቅ ሲል እግሩ ወደ ፊት ይረዝማል። አሜሪካ ውስጥ 49 ሴቶችን በእርግዝናቸው መጀመሪያና ከወለዱ ከ5 ወር በኋላ የለኩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ውጤቱን አሳትመዋል። ከመቶ 60 እስከ 70 የሚሆኑት ሴቶች እግር ረዝሞ ተገኘ፤ ጭማሪው ከ2 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ነው። ከወለዱ 5 ወር አልፎም አልተመለሰም! አንድ ቁጥር ጫማ ማለት እኮ ወደ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ለብዙዎቹ ከወሊድ በፊት የተገዛ ጫማ ለሌላ እግር የተገዛ ነው። በዚህ ላይ የመቀሌን ኮብልስቶን ጨምሩበት። ልጅ የያዘች ሴት ቁልቁል እያየች መራመድ አትችልም፤ ልጁ እግሯን ይጋርድባታል። በማታየው ድንጋይ ላይ የምትራመድ ሰው ታኮ ታደርጋለች?

ሎቲውም የራሱ ቀን አለው። ልጅ አይቶና አነጣጥሮ ነገር መያዝ የሚጀምረው በአራትና በአምስት ወሩ አካባቢ ነው። ከዚያ በፊት የእናት ሎቲ ሰላም ነው፤ ከዚያ በኋላ አንጠልጣዩ ሁሉ ይወልቃል። የላላ ቁልፍ ያለበት ሸሚዝም አብሮ ይገለላል፤ ምክንያቱም የተነቀለ ቁልፍ ቀጥታ ወደ ልጅ አፍ ነው።

ቆይ፣ ነጠላውን እንዴት እረሳለሁ! ነጠላ ሁለት ድርብ ነው፣ ጋቢ አራት። መቀሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ቀትር ላይ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ሲመሽ ይበርዳል። ነጠላ በቀትር ጥላ ነው፣ ማታ ልብስ ነው፣ ስታጠባ መጋረጃ ነው፣ ሲያስታውክ መጥረጊያ ነው፤ ጫፉ ላይ ብር ይቋጠርበታል። የእጅ ፈትል ክር አንድ ዓይነት ውፍረት ስለሌለው በሽመናው መካከል ጥቃቅን ክፍተት ይቀራል፤ አየር ያልፋል። መቀነትን ደግሞ አስቡ። አራሷ ሆዷን ታስርበታለች፤ ያው መቀነት በኋላ ገበያ ሲወጣ የገንዘብ መያዣ ይሆናል።

ማሕዘልን፣ አማርኛ ተናጋሪው አንቀልባ የሚለውን፣ ሳልናገር ብቀር እቆጫለሁ። ከቆዳ ይሠራል፣ በዛጎልና በዶቃ ያጌጣል። አሁኑኑ ሞክሩት፦ አንድ ሊትር ውሃ ያለበት ሃይላንድ በእጃችሁ ያዙና ክንዳችሁን ወደ ፊት ዘርጉ። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ክንዳችሁ ይንቀጠቀጣል። ያንኑ ሃይላንድ ደረታችሁ ላይ አስጠጉት፤ ቀለለ! ውሃው አልቀነሰም፤ ለሰውነታችሁ ቀረበ እንጂ። ማሕዘል ልጁን ከእናቱ ጀርባ ጋር ያጣብቀዋል። ሁለቱም እጆች ነፃ ይወጣሉ። ቲማቲም መጭመቅ፣ ጨርቅ መፈተሽ፣ ብር መቁጠር የሚቻለው በእነዚህ እጆች ነው። እናም ማሕዘል የገበያ ዕቃ ነው ብዬ አምናለሁ! ቀሚሷን ግን ያዝዛታል። ልጁን ለማዘል ጎንበስ ማለት አለባት፤ ስለዚህ ጠባብ ጉርድ አይሆንም። ጀርባው ላይ የተለጠፈ ጌጥ ልጁን ይወጋዋል፤ ስለዚህ ጀርባው ልሙጥ ይሁን።

አሁን ወደ ገንዘቡ። እናት ስትገዛ ዋጋውን ብቻ አታይም፤ ዋጋውን ለሚለበስበት ቀን ታካፍለዋለች። እንበልና አንድ ቀሚስ 1,200 ብር ነው፣ ነገር ግን 12 ጊዜ ብቻ ይለበሳል፤ በአንድ መልበስ 100 ብር ወጣ ማለት ነው። ሌላው 1,800 ብር ነው፣ ሲታጠብ ሲለበስ 90 ቀን ያገለግላል፤ በአንድ መልበስ 20 ብር! ውዱ ርካሽ ሆነ! ለልጁ ስትገዛ ሒሳቡ ይገለበጣል። ልጅ በአምስት ወሩ ገደማ የተወለደበትን ክብደት እጥፍ ይሆናል፣ በዓመቱ ደግሞ ሦስት እጥፍ። የዛሬ ልኩ የሚያገለግለው ለሳምንታት ነው። ስለዚህ ሰፋ ያለ ትገዛለች፣ ወይም ከእህትና ከጎረቤት ትቀበላለች፣ ወይም ሰልባጅ ተራ ሄዳ ታጥቦ የለሰለሰውን ትመርጣለች።

ይህን ሒሳብ ወደ ፋብሪካ ያሳደገች ሴት መቀሌ ውስጥ አለችን! ፍረወይኒ መብራህቱ ትባላለች፤ አሜሪካ የተማረች የኬሚካል መሐንዲስ ናት። ታጥቦ ደግሞ የሚያገለግል የሴቶች የወር አበባ ፓድ ነድፋ የፈጠራ መብት አገኘች፤ እ.ኤ.አ. በ2009 መቀሌ ላይ ፋብሪካ ከፈተች። ስሙን ማርያም ሳባ አለችው፤ የልጇን ስም ነው የሰጠችው። አንዱ ፓድ በአግባቡ ከተያዘ እስከ 2 ዓመት ያገለግላል። ያንን የማካፈል ሒሳብ አምጡና በ2 ዓመት ወር ሁሉ ከሚገዛ ሞዴስ ጋር አስተያዩት። በኅዳር 2012 ዓ.ም. ሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ብሎ መርጧታል። ይገባታል!

ሒሳቡ ሕይወት የሆነበትንም ጊዜ አይተናል። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት እስኪፈረም ድረስ በነበረው ጦርነት፣ ትግራይ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ባንክ ተዘግቶ፣ መንገድ ተቆርጦ ነበር። ደመወዝም ተቀማጭም በእጅ አልነበረም። ዳይፐርና ሞዴስ ሲጠፉ ያረጀ ጨርቅ ተቀደደ፣ ታጠበ፣ እንደገና ታጠበ። የመቀሌ እናት ዛሬ ጨርቅ ስትጨምቅ ብታዩ ይህንንም አስታውሱ።

ልጅ ሲያድግ ደግሞ ልብሱ ከእናት ትከሻ ወደ እናት ቦርሳ ይዞራል። ነሐሴ ሲገባ ገበያውን ተመልከቱ። ለነሐሴ 16 አሸንዳ ጥልፍ ቀሚሱ፣ ጌጡ፣ ሹሩባው ሁሉ ለልጃገረዷ ነው። እናት የራሷን ቀሚስ ለሌላ ጊዜ ታቆየዋለች፤ የልጇን ሰፋ አድርጋ ታሰፋና ጫፉን ወደ ውስጥ አሳጥፋ ታስቀምጠዋለች፤ የከርሞ ነሐሴ ሲመጣ ተፈትቶ ይረዝማል።

እንግዲህ ጓዶቼ፣ አራስ ልንጠይቅ ስንሄድ ሁላችንም ለሕፃኑ ልብስ ነው የምንገዛው፤ ልብሱ ደግሞ በወሩ ይጠበዋል። የኦርቶዶክስ ቤተሰብ ከሆነች ወንድ ከወለደች በ40 ቀን፣ ሴት ከወለደች በ80 ቀን ክርስትና ይነሳል፤ አራሷ ያን ቀን ከቤት ትወጣለች፣ የምትለብሰውም ያስፈልጋታል። ቀናችሁን ቁጠሩና ለእናትየው ግዙ፦ ከፊት የሚከፈት፣ ጥጥ፣ ዝንጉርጉር፣ ጀርባው ልሙጥ፣ ጉርዱ ሰፊ፣ ኪስ ያለው። ኪሱን አደራ! ጫማ ከሆነ ግን የድሮ ቁጥሯን አትመኑ፤ እግሯን እንደገና ለኩ።