ብቻዬን ወደ መንዝ
ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ልትጓዝ ላሰበች፣ ግን ልቧ እሺ ላላላት ሴት

«ከማን ጋር ነው የምትሄጂው?»

የብዙዎቻችን የጉዞ ሐሳብ የሚቀረው እዚህ ጥያቄ ላይ ነው። የት፣ መቼ፣ በስንት ብር የሚሉት ኋላ የሚመጡ ናቸው። ባል ሥራ ይበዛበታል፤ ጓደኛ ፈቃድ አላገኘችም፤ እህት ልጅ ታሞባታል፤ ጉዞው ለከርሞ ይተላለፋል። አዲስ አበባ ውስጥ ቢሮ የምትመራ፣ መኪና የምትነዳ፣ የልጆቿን የትምህርት ቤት ክፍያ በወቅቱ የምትከፍል ሴት፣ ብቻዋን ሆቴል አድራ ላታውቅ ትችላለች። ለሥልጠና አዳማ ወይም ቢሾፍቱ ሄዳ ይሆናል። ያ ግን መሥሪያ ቤቱ የላካት ነው፤ አበል አለው፣ ደብዳቤ አለው፣ በሚቀጥለው ክፍል ደግሞ የሥራ ባልደረባ አለች።

የአገራችን ሴት ብቻዋን አትሄድም ማለት ግን አይደለም። ነጋዴዋ ከገበያ ገበያ ስትዞር ኖራለች። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ወዳለችው ጻድቃኔ ማርያም ጠበል ብቻቸውን መጥተው ሱባኤ የሚይዙ ሴቶች ብዙ ናቸው፤ ማንም «ባልሽስ?» አይላቸውም። ገና በሃያዎቹ ያለች ልጅ ቋንቋውን ሳታውቅ፣ የሚቀበላትን ሰው መልክ ሳታውቅ ከቦሌ ተነስታ ቤይሩት ወይም ጅዳ ትወርዳለች። ለብዙ ኢትዮጵያዊት የመጀመሪያው የብቻ ጉዞ ይኸኛው ነው። ስለዚህ ያልለመድነው ሴት ብቻዋን መሄዷን አይደለም፤ ያለ ምክንያት መሄዷን ነው። ለንግድ፣ ለስለት፣ ለእንጀራ ከሆነ መንገዱ ክፍት ነው። «አገር ላይ ብዬ ነው» ያለች እንደሆነ ግን ቤተሰብ ይሰበሰባል።

ደርቭላ መርፊ የተባለች አየርላንዳዊት ከምጽዋ ተነስታ፣ ጭነቷን ጆክ የሚል ስም ባወጣችለት በቅሎ ላይ አድርጋ፣ በደጋው አገር ወደ አዲስ አበባ በእግሯ ተጉዛ ነበር። የጉዞ መጽሐፏ እ.ኤ.አ. በ1968 ታትሟል። ደርቭላ ግን ከዚያ በፊት ከአየርላንድ ሕንድ ድረስ በብስክሌት የሄደች ሴት ናት። ለእኔ ቢጤዋ ፈሪ ብዙም አርአያ አትሆንም። የሚጠቅመኝን ምክር ያገኘሁት ከራሴ ማድ ቤት ነው።

ቤታችን የምታግዘን ልጅ የመንዝ ልጅ ናት። ወደ አዲስ አበባ የመጣችው በ15 ዓመቷ፣ ብቻዋን፣ የአክስቷን ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ጉያዋ ውስጥ ይዛ ነው። እኔ በ38 ዓመቴ ብቻዬን ወደ እሷ አገር ልሄድ ማሰቤን ስነግራት አልሳቀችብኝም። ሽንኩርቱን አስቀምጣ እጇን ጠረገችና «እትዬ፣ መኪናው መሽቶ እንዳያደርስዎ» አለችኝ። ከዚያ ተራ በተራ ቀጠለች። ከሾፌሩ ኋላ ያለውን ወንበር ይያዙ። ከተቻለ አጠገብዎ እናት ትቀመጥ። ብሩን ሁለት ቦታ ይክፈሉት። «የረዳቱን ስም ይጠይቁት፤ በስሙ የጠሩት ሰው አይክድዎትም።» እኔ አንድ ሳምንት ሙሉ በስልኬ ምክር ስፈልግ የከረምኩ ሰው ነኝ፤ ይህን የሚያህል አላገኘሁም።

ለምን መንዝ?

የመረጥኩት ጓሳን ነው። በመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ የሚገኝ፣ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ፣ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ የሣር አገር ነው። ስሙን ያገኘው ጓሳ ከሚባለው ሣር ነው፤ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ለዝናብ ገሳ ይሠራበታል። ጭላዳ በመንጋ አለ። በዓለም ላይ ያሉት ጎልማሶች 500 እንኳ የማይሞሉት ቀይ ቀበሮም እዚያው ይኖራል።

ለብቻዋ ተጓዥ ግን ከአውሬው ይልቅ የጥበቃው ታሪክ ይበልጥ ያረጋጋል። ጓሳን መንግሥት ሳይሆን ሕዝቡ ራሱ ሲጠብቀው የኖረው ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ነው ይባላል። አባቶቹ አስቦና ጌራ ናቸው፤ መሬቱን በፈረስ ሽቅድድም ተከፋፈሉት የሚል ትውፊት አለ። ቄሮ በሚባለው ሥርዓት ሣሩ ለዓመታት ይታገዳል። ሲደርስ በበጋ በአንድ ቀን ይከፈትና ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይወጣል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ቢፈርስም ነዋሪው በሌላ መልክ መልሶ አቋቋመው። በኋላም ክልሉ በደንብ ዕውቅና ሰጠው። ይህ ማለት እርስዎ እዚያ ሲደርሱ ባለቤት ያለው አገር ነው የሚደርሱት። ጠባቂው የአካባቢው ሰው ነው። እንግዳ መግባቷን ያውቃል፣ መውጣቷንም ይቆጥራል። በማታውቁት ትልቅ ከተማ ሆቴል ውስጥ ይህን አያገኙም።

መጀመሪያ መንገዱ

እኔ የሄድኩት በ2011 ዓ.ም. ታኅሣሥ ነው። ዛሬ ቢሆን ከፍርሃቴ በፊት የማጣራው ሌላ ነገር አለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ግጭት ሰሜን ሸዋንም አልተወም፤ ዛሬ የሚያስኬድ መንገድ ነገ ሊዘጋ ይችላል። ይህ በድፍረት የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም። ከመነሳትዎ በፊት ላምበረት መናኸሪያ ሄደው የመንዝ መስመር ሾፌሮችን ያነጋግሩ። እዚያ የሚኖር ሰው የሚያውቁ ከሆነ ደውለው ዛሬ ስላለው ይጠይቁ፤ ያለፈው ሳምንት ወሬ አይበቃም። መልሱ «እስኪ ቆዪ» ከሆነ ይቆዩ። ያን ጊዜ የመጀመሪያውን ልምምድ ሐዋሳ ወይም በባቡር ድሬዳዋ ማድረግ ይችላሉ፤ ጓሳ የትም አይሄድም። የብቻ ተጓዥ ሁልጊዜ የመተው መብቷን ይዛ ነው የምትነሳው፤ ቦርሳ ከታሰረ በኋላም ቢሆን።

መንገዱ ሰላም ሲሆን አቅጣጫው ቀላል ነው። ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ ጣርማበር ላይ፣ ዋናው መንገድ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ከመውረዱ በፊት፣ ወደ ሞላሌና መሐል ሜዳ ይታጠፋል። በጠቅላላው ከ260 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በአንድ ቀን አይሽቀዳደሙት። የመጀመሪያውን ሌሊት ደብረ ብርሃን ያሳልፉ። አንደኛ፣ ብቻ ማደርን ከተማ ውስጥ ይለማመዱታል። ሁለተኛ፣ ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ስለሆነች አካልዎ ከፍታውን ቀስ ብሎ ይለምዳል። የአዲስ አበባ ሰው 2,400 ሜትር ላይ ስለሚኖር ግማሹን ተላምዶታል፤ ቢሆንም ጓሳ ላይ ራስ ሊያምና ትንፋሽ ሊያጥር ይችላል።

እዚህ ላይ በጓዳ ብቻ የምናወራውን አንድ ነገር ልበል። ሴቶች ረጅም መንገድ ስንሄድ ውሃ አንጠጣም። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ መኪናው የሚቆምበት ቦታ ሽንት ቤት የለውም፣ ወይም ያለው ባይኖር ይሻላል። ከፍታ ላይ ግን ውሃ ጥም ራስ ምታቱን ያብሰዋል። ቁርስ ቤት ውስጥ ሲቆም አፍረው አይቅሩ፤ ሶፍት፣ ሳሙናና ሰፊ ነጠላ በእጅ ቦርሳዎ ይያዙ፤ አጠገብዎ የተቀመጠችውን ሴት «አብረን እንሂድ» ይበሏት። እሷም ይህን የሚላት ሰው ስትጠብቅ ነበር። ሞዴስ ደግሞ ጊዜው ባይሆንም ይያዙ። ከፍታና ድካም ቀን ያዛባል፤ መሐል ሜዳ ላይ የለመዱትን ዓይነት ላያገኙ ይችላሉ።

ፍርሃትን በወረቀት

እኔን የረዳኝ ፍርሃቶቼን አንድ በአንድ መጻፌ ነው። ስጽፋቸው ሁለት ወገን ሆኑ። የመጀመሪያዎቹ መላ ያላቸው ናቸው። «የክፍሉ በር ባይቆለፍስ?» ለዚህ መልሱ ክፍል ከመያዝ በፊት ገብቶ መቀርቀሪያውን በእጅ መሞከር፣ ለእንግዳ መቀበያው የሚቀርብ ክፍል መጠየቅ፣ የክፍል ቁጥርን ሰው በሚሰማበት ጮክ ብሎ አለመናገር ነው። «ስልኬ ቢዘጋስ?» ፓወር ባንክ፣ አምስት ቁጥሮች ደግሞ በወረቀት። «ብር ባጣስ?» ቴሌብር አለ፤ ኔትወርክ በሌለበት ግን ጥሬ ብር ነው የሚሠራው። «ብርዱስ?» ይህ በእውነት የሚፈራ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ጋቢ፣ ወፍራም ካልሲና ኮፍያ የማያሻማ ነገር ናቸው። የማኅበረሰቡ ሎጅ የእሳት ምድጃ አለው፤ ክፍት መሆኑን አስቀድመው ማጣራትና ምግብዎን ይዘው መሄድ ግን የእርስዎ ድርሻ ነው። ጓሳ ውስጥ ሲንቀሳቀሱ ከአካባቢው መሪ ይቅጠሩ፤ ዋጋውን ከመነሳት በፊት ይነጋገሩ።

ሁለተኛዎቹ መላ የሌላቸው ናቸው፤ አንዱ «ሰው ምን ይላል?» ነው። ይህን ይዤ እናቴ ጋ ደወልኩ።

«ብቻሽን? ምነው፣ ተጣላችሁ እንዴ?»

«አልተጣላንም እማዬ። ጭላዳ ላይ ነው።»

«ጭላዳ በቴሌቪዥን አይታይም?»

ካገባች ሴት የብቻ ጉዞ ጀርባ ሁልጊዜ ጠብ ይፈለጋል። ማስረዳቱ አላዋጣኝም፤ ያዋጣኝ ሰዓት መስጠት ነው። ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት እደውላለሁ፤ ኔትወርክ ጠፍቶ ባልደውል እስከ ነገ ቀትር አትጨነቂ፤ ከዚያ ካለፈ ለባለቤቴ ንገሪው፣ እሱ የሎጁንና የመሪውን ቁጥር ይዟል አልኳት። እናቴ ጸሎቷን አልተወችም፤ ስልክ በየሰዓቱ መደወሏን ግን ተወች። በቤት በኩል ደግሞ ብዙዎቻችን የሦስት ቀን ወጥ ሠርተን፣ ፍሪጅ ላይ መመሪያ ለጥፈን፣ ደክመን እንነሳለን። እኔ አይመስለኝም። አባት ከልጆቹ ጋር ሦስት ቀን ቢቀር የምሳ ዕቃው ክዳን የት እንደሚቀመጥ ያውቃል፤ ባያውቅ ልጆቹ ያሳዩታል።

የማን እንግዳ ነሽ?

መንዝ ላይ የገጠመኝ ጥያቄ ከአዲስ አበባው የተለየ ነው። መሐል ሜዳ ላይ ሻይ ልጠጣ ስቀመጥ አንድ ሽማግሌ በርኖሳቸውን ሰብሰብ አድርገው «ልጄ፣ ማንን ልትጠይቂ መጣሽ?» አሉኝ። ከማን ጋር እንደመጣሁ አልጠየቁም፤ ወደ ማን እንደመጣሁ ነው። በዚያ አገር ሰው ወደ ሰው ነው የሚሄደው፤ ወደ ማንም ያልመጣ እንግዳ ግራ ያጋባል። ቤታችን ያለችው ልጅ ይህን አስቀድማ ነግራኝ ነበርና መልስ ነበረኝ። ለእናቷ ስኳር፣ ቡናና አንድ ሻሽ ቋጥራ በእኔ እጅ ልካለች። የእናትየውንና የቀበሌያቸውን ስም ስጠራ ሽማግሌው ፊታቸው በራ፤ ዘመድ መሆናቸውንም ቆጠሩልኝ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ «ብቻዋን የመጣች ሴት» መሆኔ ቀርቶ የእገሊት እንግዳ ሆንኩ። ይህን ለማንም እመክራለሁ፤ በምትሄዱበት አገር የምታደርሱት ዕቃ ወይም ሰላምታ ይኑራችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ እናቱ ገጠር ያለች ሰው ከየትም አይጠፋም።

ጓሳ ላይ ያደርኩት ሁለት ሌሊት ነው። የመጀመሪያውን አልተኛሁም፤ ንፋሱ በሣሩ ውስጥ ሲያልፍ የሰው ኮቴ ይመስላል። ሊነጋጋ ሲል መሪው በር አንኳኳ። ጭላዳዎቹ ሌሊት ገደል ላይ አድረው ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ወደ ሜዳው ይወጣሉ። ቁጭ ብለው ሣር በእጃቸው እየነጩ ይበላሉ፤ ከአገራችን ውጭ የማይገኙ፣ ኑሯቸው ከሞላ ጎደል በሣር ላይ የቆመ ፍጡራን ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ተመራማሪዎች በየቀኑ ሲከተሏቸው ስለኖሩ ሰው መቅረቡ ብዙም አያስደነግጣቸውም። አንዲት እናት ልጇን ጀርባዋ ላይ አዝላ በሁለት ሜትር ርቀት አለፈችኝ፤ ቀና ብላም አላየችኝ። ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። ማንም «እንሂድ» ያለኝ የለም፤ ልጅ ሽንቴ መጣ አላለኝም። ቀይ ቀበሮም አየሁ፤ ከሩቅ፣ አይጥ እያደነ፣ ሣሩ መሐል ብልጭ ብሎ ጠፋ። በሁለተኛው ሌሊት እስኪነጋ ተኛሁ።

መልእክቱን ያደረስኩት ስመለስ ነው። እናትየው መሐል ሜዳ ድረስ ወርደው ጠበቁኝ። ሻሹን አላዩትም፤ መጀመሪያ የጠየቁኝ «ወፍራለች?» ብለው ነው። ስልኬ ላይ ያለውን ፎቶ አሳየኋቸው፤ ስክሪኑን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ደጋግመው አዩት። ከበግ ፀጉር የተሠራ ዝተት አንጥፈው አስቀምጠውኝ የገብስ ቆሎ አበሉኝ፤ የቀረውን በፌስታል ቋጠሩልኝ፤ ግማሹ ለልጃቸው፣ ግማሹ ለልጆቼ። ማታ ማረፊያዬ ድረስ ሸኙኝ። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ መናኸሪያው ስደርስ ቀድመውኝ መጥተዋል፤ ረዳቱን በስሙ ጠርተው ከሾፌሩ ኋላ ያለውን ወንበር አስይዘውልኛል።